ወረቀቴ «ይኼ እኮ ታሪኩ ነው» ተብሎ ተመለሰ

ጥያቄ፦

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ሌሊት የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ እሠራለሁ፣ ቀን ኮሌጅ እማራለሁ። ነርሲንግ ለመግባት የእንግሊዝኛ ኮርስ ማለፍ ግዴታ ስለሆነ አሁን እሱ ላይ ነኝ። መምህራችን የጊ ደ ሞፓሳንን ‹ሐብሉ› የሚባል አጭር ልብ ወለድ አስነበበችንና አላባውያኑን፣ ማለት ታሪኩ የተሠራባቸውን ክፍሎች፣ ተንትናችሁ አራት ገጽ ጻፉ አለች። እኔም አገር ቤት እንደተማርኩት መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ሴራ፣ ግጭት፣ ጭብጥ እያልኩ በየርዕሱ ከፋፍዬ ምንም ሳላስቀር ጻፍኩ። ሲ አገኘሁ። ጠርዙ ላይ ‹የነገርሽኝ ታሪኩን ነው፣ ትንተናው የታለ?› ብላ ጽፋበታለች። አስተካክለሽ አምጪ ብላ አንድ ሳምንት ጨምራልኛለች። ልጄ ‹ማሚ፣ ለቻትጂፒቲ ስጪው› ይለኛል። እኔ ግን በመንገርና በመተንተን መካከል ያለው ልዩነት ራሱ አልገባኝም። ታሪኩን ካልተናገርኩ ምን ልጽፍ ነው?

እንቅልፍ ያጣች፣ ከቨርጂኒያ»

መልስ፦

እንቅልፍ ያጣሽው እህቴ፣ ከሌሊት ሥራ ወጥቶ አራት ገጽ መጻፍ ራሱ ቀላል ነገር አይደለም፣ አይዞሽ። መምህርሽም ጠምዳሽ አይደለም። ወረቀቱን ገረፍ ገረፍ አድርጎ ሲ ጭሮ የሚመልስ መምህር ሞልቷል። ይቺኛዋ አንብባዋለች፣ የጎደለውን ነግራሻለች፣ ጊዜም ሰጥታሻለች። ዕድለኛ ነሽ።

ደግሞ እውቀት አልጎደለሽም። ችግሩ አለማመዳችን ነው። እኛ አገር ፈተናው «የታሪኩን መቼት ግለጽ» ይላል፣ «ፓሪስ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን» ብለሽ ትጽፊያለሽ፣ ሁለት ማርክሽን ይዘሽ ትሄጃለሽ። አለቀ። አላባውያንን እንደ ቀበሌ ፎርም መሙላት ነው የለመድነው፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የቤት ቁጥር። መምህርሽ ግን ታሪኩ ፓሪስ ውስጥ መሆኑን አሳምራ ታውቃለች። ከአንቺ መስማት የምትፈልገው ፓሪስ መሆኑ ለታሪኩ ምን እንደጠቀመው ነው።

ታሪኩን ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ፤ መጨረሻውን ሳልናገር ማስረዳት አልችልምና ቅር አይበላችሁ። ማቲልድ ሎይዜል ቆንጆ ናት። ባሏ የትምህርት ሚኒስቴር ተራ ጸሐፊ ነው፣ እሷ ግን ለድሎት የተፈጠርኩ ነኝ ብላ ታምናለች። አንድ ቀን ባሏ ሚኒስቴሩ ውስጥ ለሚደረግ ትልቅ ግብዣ መጥሪያ ይዞ ይመጣል። ለአደን ጠመንጃ ልገዛበት ብሎ ያጠራቀማትን 400 ፍራንክ ለቀሚስ ይሰጣታል። ጌጥ ስለሌላት ከሀብታም ጓደኛዋ ከወይዘሮ ፎረስትየ የአልማዝ ሐብል ትዋሳለች። በግብዣው የሁሉም ዓይን እሷ ላይ ያርፋል። ቤት ሲደርሱ ሐብሉ የለም። እውነቱን መናገር ሲገባቸው ተመሳሳዩን በ36,000 ፍራንክ ገዝተው ይመልሳሉ፤ ግማሹ ከባልየው የአባት ውርስ፣ ግማሹ ከየአበዳሪውና ከየአራጣው። ዕዳውን ለመክፈል አሥር ዓመት ይማቅቃሉ። ከፍለው ከጨረሱ በኋላ ማቲልድ ጓደኛዋን መንገድ ላይ አግኝታ ሁሉንም ስትነግራት፣ ሴትዮዋ የኔ እኮ አርቲፊሻል ነበር፣ ቢበዛ 500 ፍራንክ ቢያወጣ ነው ትላታለች። ታሪኩ እዚያው ላይ ቀጥ ይላል።

በቃ፣ አንድ አንቀጽ ነው የፈጀው። አንቺ ሦስት ገጽ ተኩሉን የጨረስሽው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ታሪኩን ካልተናገርሽ ምን ትጽፊያለሽ? ከአላባውያኑ አትነሺ። ከሚከነክንሽ ነገር ተነሺ። ታሪኩን አንዴ ድገሚው፣ «ቆይ፣ ይኼ ለምን እዚህ ገባ?» ያሰኘሽን ቦታ አስምሪበት። አንድ ብቻ ይበቃል። ቀሪው ሥራሽ የዚያን ቦታ ጉዳይ እስከ ጥጉ መከታተል ነው፣ አላባውያኑ እየተጠሩ ራሳቸው ይመጣሉ።

እኔን የሚከነክነኝን ላሳይሽ። ሐብሉ ጠፍቶ ተስፋ ከቆረጡ በኋላ ባልና ሚስቱ ባዶውን ማስቀመጫ ሣጥን ይዘው፣ ሣጥኑ ውስጥ ስሙ ወደተጻፈው ወርቅ ቤት ይሄዳሉ። ባለቤቱ መዝገቡን ያገላብጥና ሐብሉን የሸጥኩት እኔ አይደለሁም፣ ሣጥኑን ብቻ ነው ያቀረብኩት ይላቸዋል። ታሪኩ እዚህ ላይ አይቆምም። እነሱም አይቆሙም፣ ተስፋ በቆረጠ ሰው እግር ከወርቅ ቤት ወርቅ ቤት ይዞራሉ። መጀመሪያ ስታነቢው ምንም አይመስልሽም። መጨረሻውን አውቀሽ ስትመለሺበት ግን ያስደነግጣል። አልማዝ የሚሸጥ ሰው ሣጥኑን አብሮ ይሰጣል። ሐብሉ ከአንድ ቤት፣ ሣጥኑ ከሌላ ቤት የመጣ ከሆነ አንድ ሰው ርካሽ ነገር ገዝቶ የሚያምር ሣጥን ውስጥ ከቶታል ማለት ነዋ! ሞፓሳን መልሱን መሃል መንገድ ላይ ጥሎልን ነበር፣ እኛም እነሱም ረግጠነው አለፍን።

ይኼ ንግር ነው፣ ኋላ የሚመጣውን አስቀድሞ የሚጠቁም ፍንጭ፣ ስሙን ታውቂዋለሽ። «በታሪኩ ውስጥ ንግር አለ» ብለሽ ነጥብ ካደረግሽ ግን ወደ ፎርምሽ ተመለስሽ። አንድ ጥያቄ ጨምሪበት፤ ፊት ለፊታችን ተቀምጦ ለምን አላየነውም? ይኼን ስትጠይቂ አንጻር መጣ፣ ታሪኩን በማን ዓይን እንደምናየው ማለት ነው። ተራኪው ሦስተኛ መደብ ነው፣ ሁሉንም የሚያውቅ ይመስላል፣ ነገር ግን ከማቲልድ አጠገብ እምብዛም አይርቅም። የምትፈራውን ያስፈራናል፣ የምታምነውን ያሳምነናል። እሷ በዚያች ሰዓት ሐሳቧ በሙሉ ተመሳሳይ ሐብል ማግኘት ላይ ስለሆነ እኛም አብረናት እንጣደፋለን። ወይዘሮ ፎረስትየ ምን እያሰበች እንደሆነ ደግሞ አንዴም አይነግረንም። አንዲት መስመር እንኳ በሴትዮዋ ሐሳብ ውስጥ ቢያሳልፈን ኖሮ ታሪኩ ፈርሶ ነበር።

ከዚህ በኋላ ሌላም ሌላም እያየሽ ትመጫለሽ። ማቲልድ ሐብሉን ስትለምን ጓደኛዋ ሳታቅማማ ነው እሺ ያለችው። የቤተሰብ ዕድሜ ልክ ዕዳ የሚሆን ጌጥ እንዲህ በዋዛ ይሰጣል? ሲመለስላት ደግሞ ሣጥኑን አልከፈተችውም። ማቲልድ ግን ጓደኛዬ ከፍታ ብታየውና መቀየሩን ብታውቅ ሌባ ትለኛለች ብላ እየተሳቀቀች ነበር። እኛ ለሠርግ ያዋስነው ወርቅ ሲመለስ አገላብጠን፣ ቆጥረን፣ አንዳንዶቻችን መዝነን አይደል የምንቀበለው? አለመክፈቷ ብዙ ይናገራል። የሞፓሳን ተንኮል ግን እዚህ ላይ ነው። ሴትዮዋ ሣጥኑን ሳትከፍት ቀዝቀዝ ባለ አንደበት ቀደም ብለሽ መመለስ ነበረብሽ፣ ሊያስፈልገኝ ይችል ነበር ትላታለች። ይቺ አንዲት ወቀሳ ሐብሉ ውድ ነው ብለን እንድንቀጥል ታደርገናለች። በአንድ እጁ ፍንጭ ይሰጠናል፣ በሌላው ይሸፍንብናል።

እስካሁን ታሪኩን ነገርኩሽ? አልነገርኩሽም። ከወርቅ ቤቱ ሰውዬ አንድ ንግግር ተነስተን ንግርን፣ አንጻርን፣ ገጸ ባሕርይን ነካካን፣ ከመጨረሻው ምጸት ደጃፍ ደረስን፣ ያውም «ንዑስ ርዕስ ሦስት» ሳንል። ልዩነቱ ይኼው ነው። ስትነግሪ «ከዚያስ?» የሚለውን ነው የምትመልሺው። ስትተነትኚ ደግሞ «እንዴት አድርጎ እንዲህ አደረገን?» የሚለውን።

እኔ ያነሳሁትን እንዳለ ገልብጠሽ እንዳትወስጂ እንጂ። የራስሽን ፈልጊ። እንዲያውም ላንቺ ይቀርብሻል ብዬ የማስበው ካፖርቱ ነው። ግብዣው የተደረገው በጃንዋሪ ነው፣ የፓሪስ ብርድ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ሲወጡ ባሏ የዘወትር ልብሷን ትከሻዋ ላይ ጣል ያደርግላታል፣ ከዚያ የግብዣ ቀሚስ ጋር ፈጽሞ የማይሄደውን። ሌሎቹ ሴቶች ፀጉራም ካፖርት እየደረቡ ነው። እንዳያዩዋት ብላ ባሏ ብርድ ይመታሻል፣ ሠረገላ ልጥራ እያላት ደረጃውን ሮጣ ትወርዳለች። ውጪ ሠረገላ የለም። እየተንቀጠቀጡ በወንዙ በኩል ይሄዳሉ፣ በመጨረሻም አንድ አሮጌ ሠረገላ ያገኛሉ፣ በቀን ሰው እንዳያያቸው የሚያፍሩ ከሚመስሉት፣ ሌሊት ብቻ ከሚወጡት አንዱን። ሐብሉ የት እንደወደቀ ታሪኩ አይነግረንም። ደረጃው ላይ? መንገድ ላይ? ሠረገላው ውስጥ? ብቻ ያ ሁሉ ጥድፊያ የመጣው ካፖርቱን ከማፈር ነው። ክፍል ውስጥ «ሴራ የምክንያትና የውጤት ሰንሰለት ነው» ብለው ያስጻፉሽ ይኼንን ነበር። መቼቱም እግረ መንገዱን ገባልሽ፤ ብርዱ ባይኖር ካፖርቱ አይኖርም ነበር፣ ካፖርቱ ባይኖር ሩጫው አይኖርም ነበር።

መቼትን በተመለከተ ሌላ አንድ ነገር ካስፈለገሽ፣ ሞፓሳን ራሱ በጽሑፍ መተዳደር ከመጀመሩ በፊት በባሕር ኃይል ሚኒስቴር፣ ቀጥሎም በዚያው በትምህርት ሚኒስቴር የቢሮ ሠራተኛ ነበር። የትንሽ ደመወዝተኛን ኑሮ ከውስጥ ያውቀዋል። ታሪኩም መጀመሪያ የወጣው በ1884 በጋዜጣ ላይ ነው፣ ማጠሩ አይግረምሽ። ይኼን ግን በአንድ ዐረፍተ ነገር እለፊው። የደራሲውን የሕይወት ታሪክ አንድ ገጽ መጻፍ የታወቀ ገጽ መሙያ ነው፣ መምህራን ከሩቁ ነው የሚያሸቱት።

ጊዜውን እይው ደግሞ። የአንድ ሌሊት ግብዣ ከነጭፈራው፣ ከነደረጃው፣ ከነመንገዱ ተዘርዝሯል። የአሥር ዓመት ስቃይ ግን ጥቂት አጫጭር አንቀጾች ብቻ። ውኃ ተሸክማ ደረጃ ስትወጣ በየፎቁ ትንፋሽ ለመሰብሰብ መቆሟ፣ ገበያ ላይ በሳንቲም መከራከሯ፣ ባልየው ማታ ማታ በገጽ አምስት ሱ (ትንሽ የፈረንሳይ ሳንቲም) ወረቀት መገልበጡ፣ ከዚያ ይኼ ኑሮ አሥር ዓመት ቆየ የምትል አንዲት መስመር። ለምንድን ነው ሌሊቱ የረዘመው፣ ዓመታቱ ያጠሩት? እኔ የምለው፣ ለማቲልድም እንደዚያው ስለሆነ ነው፤ ከነዚያ ዓመታት በኋላ እንኳ አንዳንዴ መስኮት ሥር ተቀምጣ የምታስበው ያንን ሌሊት ነው። ሌላ ሰው ሌላ ሊል ይችላል፣ ከጽሑፉ ማስረጃ እስካመጣ ድረስ ይችላል። አንቺም ትችያለሽ።

ገጸ ባሕርይ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አብዛኛው ሰው «ማቲልድ ስግብግብ፣ ባሏ ምስኪን» ብሎ ይዘጋዋል። እስቲ ባልየውን ደግመሽ እይው። ጌጥ የለኝም ስትል መጀመሪያ አበባ አድርጊ ያላት እሱ ነው፣ እምቢ ስትል ከጓደኛሽ ተዋሺ ያላትም እሱ ነው። ሐብሉ ሲጠፋ መቆለፊያው ተሰብሮ እያሠራሁት ነው ብለሽ ጻፊላት ብሎ ደብዳቤውን ቃል በቃል ያስጻፋት እሱ ነው። ያቺ ውሸት ባትኖር አሥሩ ዓመት አይኖርም ነበር! ማቲልድ ደግሞ ዕዳው ሲመጣ አላለቀሰችም፣ ጀግና ሆና ነው የገባችበት፣ ተራኪው ራሱ ይመሰክርላታል። ታዲያ ማን ነው ደካማው? እዚህ ላይ ክርክር አለ፣ ክርክር ባለበት ደግሞ ጥሩ ድርሰት አለ። ደግሞ ሰውዬው ክፉ ነው እንዳትይ፣ አዝኖላት ነው። ይኼ ራሱ ነው የሚያስጽፈው።

ጭብጥ ላይ አደራ የምልሽ ነገር አለ። ወረቀትሽ «ስለዚህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ባለን መብቃት እንዳለብን ነው» ብሎ እንደሚያልቅ ባላየውም እወራረዳለሁ። ተረት ሲያልቅ ምክሩን መናገር አብሮን ያደገ ነገር ነው፣ አልፈርድብሽም። ነገር ግን ጽሑፉን ጠይቂው፣ እንዲህ ይላል ወይ? ተራኪው ወደ መጨረሻው ገደማ ሐብሉ ባይጠፋ ምን ይሆን ነበር፣ ማን ያውቃል፣ ሰውን ለማጥፋትም ለማዳንም ትንሽ ነገር ትበቃለች የሚል ነገር ይናገራል። ይኼ ስለ ዕጣ ፈንታ የሚናገር ሰው አነጋገር ነው፣ ስለ ስግብግብነት የሚሰብክ ሰው አይደለም። በሌላ በኩል ቁጥሩን ተመልከቺ፤ 500 ፍራንክ የሚያወጣውን በ36,000 ተኩ፣ 72 እጥፍ። የከፈሉት ለአልማዙ ነው ወይስ እውነቱን ላለመናገር? እኔ ሁለተኛውን እላለሁ። አንቺ የመሰለሽን በይ፣ ብቻ ከጽሑፉ የምታሳዪው ነገር ይኑርሽ።

«ሐብሉ የሀብት ምልክት ነው» የሚለውን ደግሞ ተይው። ስህተት ሆኖ አይደለም፣ የክፍል ጓደኞችሽ ግማሹ ጽፈውታል።

አጻጻፉ ላይ ላሳይሽ። ያንቺ አንቀጽ ምናልባት እንዲህ ሳይሆን አይቀርም፦ «ማቲልድና ባሏ ሐብሉ እንደጠፋ አወቁ። በጣም ደነገጡ። ከዚያም ወደ ወርቅ ቤት ሄዱ። ወርቅ ቤቱ እኔ አልሸጥኩም አላቸው። ከዚያም ሌላ ወርቅ ቤት አገኙ።» አሁን እንዲህ ብናደርገውስ፦ «ሞፓሳን ሐብሉ የውሸት መሆኑን የሚጠቁም ፍንጭ በወርቅ ነጋዴው አፍ ያስቀምጣል፣ ወዲያው ግን ታሪኩን ወደ ፍለጋው ስለሚያጣድፈው አንባቢው እንደ ማቲልድ ሳያየው ያልፋል። በመጨረሻ እውነቱ ሲወጣ አንባቢው የሚያፍረው በማቲልድ ብቻ ሳይሆን በራሱም ነው።» ከታሪኩ የተወሰደው ያው አንድ ነገር ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ግን የሚጀምረው ጸሐፊው ባደረገው ነገር ነው፣ የሚያልቀውም አንባቢው ላይ በሆነው ነገር። በየአንቀጽሽ መጀመሪያ ላይ ባለቤቱ «ማቲልድ» ከሆነ ጠርጥሪ፣ እየነገርሽ ነው። «ሞፓሳን» ወይም «ተራኪው» ከሆነ በመንገድሽ ላይ ነሽ።

ልጅሽ ስላለው ነገር። ለቻትጂፒቲ ብትሰጪው ተደርድሮ የተዋበ ዝርዝር ይሰጥሻል፤ መቼት፣ ገጸ ባሕርይ፣ ሴራ፣ ጭብጥ፣ ሲ ያስገኘሽን ያንኑ፣ በተሻለ እንግሊዝኛ። ኮሌጁም ካወቀብሽ ሌላ ጣጣ ነው። ልጁን ሌላ ሥራ ስጪው። ታሪኩን አንብብ በዪውና እራት ላይ ተከራከሩበት፤ ማቲልድ መጨረሻ ላይ ገንዘቧን ታስመልሳለች ወይስ አታስመልስም? ሴትዮዋ ዘንድ ያለው እኮ እውነተኛው አልማዝ ነው። ሞፓሳን ይኼን ሊነግረን ፈቃደኛ ስላልሆነ ታሪኩን እዚያ ላይ ቆረጠው። ለምን? ከልጅሽ ጋር ስትከራከሩ ከአፍሽ የሚወጣውን ጻፊው፣ ትንተና እሱ ነው።

በአማርኛ መጀመር ትችያለሽ፣ ማንም አይከለክልሽም። ሐሳቡን በአማርኛ ጨርሺው፣ ከዚያ እንግሊዝኛውን እንደ አዲስ ጻፊው እንጂ ቃል በቃል አትተርጉሚው። ስትጽፊ ደግሞ ስለ ታሪኩ የምታወሪው በአሁን ጊዜ ግሥ ነው፣ በእንግሊዝኛ ስለ ልብ ወለድ ሲጻፍ ልማዱ እንደዚያ ነው፤ «ማቲልድ ተዋሰች» ሳይሆን «ማቲልድ ትዋሳለች»። ከጽሑፉ የምትጠቅሺው ነገር ረዥም አይሁን፣ ከአንድ ወይ ከሁለት መስመር አይለፍ፣ ከጠቀስሽ በኋላ ደግሞ ቢያንስ የጥቅሱን እጥፍ ያህል ያንቺን ቃል አስከትዪበት።

አራቱንም ገጽ ጽፈሽ እስክትጨርሺ አትጠብቂ። ነገ ወይ ከነገ ወዲያ አንዷን አንቀጽ ብቻ ጽፈሽ በቢሮ ሰዓቷ መምህርሽ ጋ ግቢና «እንዲህ ማለትሽ ነው ወይ?» በያት። አዎ ካለችሽ የቀረው ሦስት ገጽ ተኩል ነው።